ሶሌታ በሬዲሚክስ፦ የድሬና የሐረር ቤት ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሬዲሚክስ (ፋብሪካ ተደባልቆ በሚክሰር መኪና ስለሚመጣው አርማታ) ናቸው። ድሮ ሬዲሚክስ ሲባል የትልልቅ ፎቅና የድልድይ ጉዳይ ነበር፣ አሁን ግን ጂ ፕላስ ዋን የሚሠራ ሰውም ሚክሰር መኪና በሩ ላይ እያስቆመ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን መኪናው ስለመጣ ብቻ አርማታው ጥሩ ሆነ ማለት አደለም፣ በተለይ በኛ ሙቀት። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር እንደምን አለህ ልጄ። ልጄ ከውጪ በሚልክልኝ ብር ሳቢያን ላይ ጂ ፕላስ ዋን እያሠራሁ ነው። የምድሩ ኮለን አልቋል፣ ቀጣዩ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ነው፣ 11 በ10 ነው። ፎርማኑ በራሳችን ሚክሰር እንሙላው ርካሽ ነው ይላል፣ ወንድሜ ደሞ ሬዲሚክስ እዘዢና ተገላገይ ይላል። ሁለቱ ተኳርፈው እኔ መሃል ቀርቻለሁ። የቱ ይሻለኛል? (ከሳቢያን አንዲት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ለዚህ ሥራ እኔ ከወንድምዎ ጋር ነኝ፣ «ተገላገይ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። 11 በ10 ማለት 110 ካሬ ነው፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ከሆነ 16 ኪዩብ ተኩል ይወጣዋል። ከሶሌታው በታች የሚወርደው የቢም ክፍል ደሞ አለ፣ 25 ሳንቲ ወርድ በ35 ሳንቲ ቁመት ብለን ርዝመቱ ተደምሮ 60 ሜትር ቢሆን 5 ኪዩብ ከሩብ ይጨምራል። ለብክነት 5 በመቶ ሲደመርበት ወደ 23 ኪዩብ ነው (ሶሌታው ብሎኬት የሚገባበት ከሆነ ከዚህ ያንሳል፣ ፕላኑን ያሳዩ)። ሲ 25 ለሚባለው (25 የጥንካሬ ደረጃው ነው) አርማታ እኛ አገር በተለምዶ በኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት የሚያወጣው 0.14 ኪዩብ ገደማ ነው ማለት ነው። በየዙሩ አንድ ከረጢት ከገባ 23 ኪዩብ ለመሙላት ያቺ የሳይት ሚክሰር 165 ጊዜ መዞር አለባት። አንዱ ዙር ከነመጫኑ ከነመድፋቱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ 11 ሰዓት ነው፣ ያውም ማንም ምሳ ሳይበላ፣ ማንም ሳይደክም፣ ሚክሰሯም ሳትበላሽ። ድሬ ላይ በዚህ ፀሐይ 11 ሰዓት ሙሉ ባሬላ የሚሸከም ሰው የለም። ጠዋት አሸዋውን በሳጥን እኩል እየላጉ የሚሰፍሩት ልጆች ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከምረው ይሞሉታል ወይ ደሞ በአካፋ ግምት ይጀምራሉ፣ ውሃውማ ከመጀመሪያውም በባልዲ ግምት ነው። እና የሶሌታው ግማሽ ሌላ፣ ግማሽ ሌላ ይሆናል። ከመሸ ደሞ መሃል ላይ ይቆምና በማግስቱ ሲቀጥል አዲሱና አሮጌው አይያያዙም፣ ውሃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በዛች መስመር ነው።

በሬዲሚክስ ግን 8 ኪዩብ የሚይዙ ሦስት መኪና ናቸው፣ ከነፓምፑ ሦስት አራት ሰዓት። ፎርማኑ ርካሽ ነው ሲልዎት ሲሚንቶና አሸዋውን ብቻ ቆጥሮ እንዳይሆን። የሚክሰርና የቫይብሬተር ኪራዩን፣ ናፍጣውን፣ ሃያ ምናምን ሠራተኛ ከነቁርሱ ከነምሳው፣ ሳይት ላይ ተደፍቶ የሚቀረውን ጠጠር ሁሉ ደምሩና ከዛ አወዳድሩ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እንደሚወራው አይሰፋም። ለፉቲንግ (ለኮለን መሠረት) ሁለት ሦስት ኪዩብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በእጅ ሥሩት ነበር የምልዎት፣ ለትንሽ ሥራ መኪና አያዋጣም፣ አቅራቢዎቹም ከዚህ በታች አንጭንም የሚሉት ልክ አላቸው።

አሁን «ተገላገይ» ወዳለው ልምጣ። ፓምፕ ፈጣን ነው፣ ፈጣን ስለሆነም አደገኛ ነው። አንድ ኪዩብ አርማታ 2400 ኪሎ ነው፣ ፓምፑ አንድ ቦታ ላይ ሜትር የሚያህል ክምር ቢተፋ በዛች አንድ ካሬ ላይ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ተጫነ ማለት ነው፣ ከስሩ የቆመው የባህር ዛፍ ድጋፍ ደሞ ለ15 ሳንቲ ነው የተሰላው። ስለዚህ ከመሙላቱ በፊት በነበረው ቀን ድጋፉን አንድ በአንድ ያስነኩ፣ የተሰነጠቀ፣ የጎበጠ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ጣውላ የቆመ ካለ ይቀየር፣ በሙሌት ሰዓት ደሞ አንድ አናጺ ከታች ሆኖ እያየ ይዋል እንጂ ከላይ አይውጣ። የፓምፑ ቱቦ ማለስለሻ ተብሎ መጀመሪያ የሚወጣው ቀጭን የሲሚንቶ ውሃም ሶሌታው ውስጥ እንዳይገባ፣ ውጪ ይደፋ። ሦስቱም መኪና አንዴ እንዳይመጣ ይነጋገሩ፣ አንዱ ሲራገፍ ሌላው ይድረስ። ሦስተኛውን ከማዘዝዎ በፊት የቀረውን ቦታ በሜትር ያስለኩና ልኩን ይንገሯቸው፣ የተረፈ አርማታ ለጎረቤት በር የሚደፋ ብር ነው።

ወንድምዎና ፎርማኑን ያስታርቁልኝ፣ ለዛ ቀን ሁለቱም ያስፈልጉዎታል።

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር፣ ገንደ ቆሬ ነኝ። ባለፈው እሁድ ሬዲሚክስ አስመጥቼ ሶሌታ አስሞላሁ። ሁለተኛው መኪና መንገድ ላይ ቆይቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደረሰ፣ አርማታው ደርቆ አልወርድ አለ፣ ሹፌሩ ውሃ ጨምሩበት አለን፣ በበርሜል አንድ ሙሉ 200 ሊትር ጨመርን፣ እንደ ሾርባ ወረደ። ማታ ላይ ሳየው በየቦታው ተሰነጣጥቋል፣ እንቅልፍ አጣሁ። ቤቴ ይወድቃል? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤትህ ነገ አይወድቅም፣ ተረጋጋ። ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሆነው፣ ለየብቻ ላስረዳህ፣ ሌሎቻችሁም ይሄን እባካችሁ በደንብ አንብቡት ምክንያቱም ድሬ ላይ ብዙ አርማታ የሚበላሸው በዚህ ነው።

አንደኛው ውሃው ነው። በአንድ ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ገብቶ ውሃው 180 ሊትር ከሆነ የውሃው መጠን የሲሚንቶው ግማሽ ነው፣ ጥሩ ነው። 200 ሊትር በ8 ኪዩብ ላይ ስትጨምር ለእያንዳንዱ ኪዩብ 25 ሊትር ደረሰው፣ ግማሽ የነበረው 0.57 ሆነ ማለት ነው። ስትሰማው ትንሽ ይመስላል። ሲሚንቶ ግን የሚጠጣው የተወሰነ ውሃ ነው፣ የተረፈው ሲተን በቦታው ቀዳዳ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ጥንካሬው የሚወርደው በዛ ቀዳዳ ነው፣ 25 ይሆናል የተባለው አርማታ 20 አካባቢ ሊቀር ይችላል። ፌሮውም በዛ ቀዳዳ በሚገባ እርጥበት ነው ቀስ ብሎ የሚዝገው።

ሁለተኛው ስንጥቁ ነው፣ ይሄ ደሞ በዋናነት የፀሐዩና የንፋሱ ሥራ ነው። አርማታ ሲሞላ ከውስጡ ትንሽ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ከሚወጣው በላይ ቶሎ ከተነነ ላዩ ይኮማተራል፣ ገና ጥንካሬ የለውም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በሙሌቱ ቀን በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚታይ፣ አጭር አጭር፣ ወዲያ ወዲህ የሚሄድ ስንጥቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ልክ ወንዙ ሲደርቅ ጭቃው እንደሚሰነጠቀው ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ድጋፉን አትንካ፣ ውሃ ማጠጣቱን አታቋርጥ። ናሙና ተወስዶ ከነበረ (15 በ15 በ15 ሳንቲ የሆነ ብረት ሳጥን ውስጥ የሚሞላው) የ7 ቀኑን ውጤት ጠይቅ፣ በ7 ቀን የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ገደማ መድረስ አለበት፣ ለሲ 25 ወደ 16 ወይ 17 ማለት ነው፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከሆነ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ናሙናው ከመኪናው የተወሰደው ውሃው ከመጨመሩ በፊት ከሆነ ግን ያንተን ሶሌታ አይናገርም፣ ይሄን ልብ በል። ናሙና ካልተወሰደ 28 ቀን ሲሞላው መሃንዲስህ ሪባውንድ ሀመር በሚባለው መምቻ የሁለቱን መኪና ቦታ እያነጻጸረ ይይልህ፣ ልዩነቱ ከበዛ ከራሱ ከሶሌታው ኮር (ተቦርቡሮ የሚወጣ ቁራጭ) ወስዶ ላብራቶሪ ማስጨመቅ ነው፣ ገንዘብ ያስወጣል ግን ላዩ ላይ ሌላ ፎቅ ልትጭን ነው። ስንጥቁን ዝም ብለህ በሲሚንቶ ውሃ እንዳትቀባው፣ መጀመሪያ ጥልቀቱ ይታይ፣ ከላይ እስከ ታች ያለፈ ከሆነ ከታች በኩል እርጥበቱ ይታይሃል።

ይሄን እኔም አይቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እዚሁ ከተማ አንድ ሳይት ላይ ፓምፑ ተበላሸና ሚክሰሩ ፀሐይ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመ፣ አቅራቢው ችግር የለውም አለ፣ ሹፌሩ ውሃ ጨመረ፣ እኔም ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ስለነበሩ ብራቸው እንዳይከስር አዝኜ ተቀበልኩ። በ28 ቀን ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ከስር ቢም ጨምረን አዳንነው፣ ሰውየው ለሁለት መኪና አርማታ ከሚከስሩት በላይ ከሰሩ። ከዛ ቀን ወዲህ መኪና መመለስ አያሳዝነኝም።

ስለዚህ ለቀጣዩ፦ የአርማታ ሰዓት የሚቆጠረው ፕላንቱ (ማደባለቂያው ፋብሪካ) ላይ ውሃና ሲሚንቶ ከተገናኙበት ደቂቃ ነው፣ መኪናው በርህ ላይ ከደረሰበት አይደለም። በተለምዶ የማራገፊያው ገደብ 90 ደቂቃ ነው፣ በኛ ሙቀት ከዛ ቢያጥር ነው የሚሻለው። ሹፌሩ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ላይ የተጫነበት ሰዓት፣ ደረጃው፣ የሲሚንቶው ዓይነትና ስንት ኪዩብ እንደሆነ መጻፍ አለበት፣ ወረቀቱን ሳታይ ፓምፕ አታስነሳ። መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ሊቆይ ይችላል ብለህ ካሰብክ ቀድመህ ንገራቸውና መዘግያ ኬሚካል ይጨመርበት። ደርቆ ከመጣም የሚለሰልሰው በኬሚካል ነው፣ ያውም የአቅራቢው ባለሙያ ባለበት። አንድ ነገር ለማነጻጸሪያ ልንገርህ፣ በአንድ ኪዩብ 5 ሊትር ውሃ ስላምፑን 2 ሳንቲ ተኩል ያህል ይጨምረዋል። ስላምፕ ማለት 30 ሳንቲ ቁመት ያለው ሾጣጣ ቆርቆሮ ውስጥ በሦስት ዙር፣ በየዙሩ 25 ጊዜ በብረት እየተጠቀጠቀ ተሞልቶ ቆርቆሮው ሲነሳ አርማታው ምን ያህል ቁልቁል እንደተቀመጠ የሚለካበት ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለእያንዳንዱ መኪና አስደርገው።

ሰዓቱን ደሞ ቀይረው አቦ። በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሶሌታ ድሬ ላይ አይሞላም። ከሌሊቱ 10 ወይ 11 ሰዓት ላይ ጀምር፣ ጎረቤትን ቀድመህ አስፈቅድ፣ መብራት አዘጋጅ፣ ፀሐይ ሲጠነክር ጨርሰሃል። እጅህን ፌሮው ላይ አድርገው፣ የሚያቃጥልህ ከሆነ አርማታውንም ያቃጥለዋል፣ ፌሮውንና ጣውላውን ውሃ ርጭ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ግን ተጠንቀቅ። የአርማታው የራሱ ሙቀት ሲደርስ ከ32 ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው፣ 35 ካለፈ መልሰው። ላዩ እንደተስተካከለ ወዲያው ላስቲክ አልብሰው፣ ማታ እስኪመጣ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምሠራው። ሬዲሚክስ ከድሬ ቢመጣልኝ ይሆናል? (ከሐረር፣ ሸንኮር)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል ግን ጠባብ ነው። ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ርቀቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፣ ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ነች፣ ሐረር ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች፣ መሃል ላይ የደንገጎ ዳገት አለ፣ 8 ኪዩብ የጫነ ሚክሰር ጭነቱ ብቻ 19 ቶን ነው፣ እዛ ጠመዝማዛ ላይ ከአንድ የጫነ ተሳቢ ኋላ ከገባ 90 ደቂቃህ አለቀ። ዳገት ላይ እንዳይፈስም ሙሉ አይጭኑትም፣ ስለዚህ 8 ብለህ ያሰብከው 6 ሊሆን ይችላል፣ ሂሳብህ ይቀየራል። የምታመጣ ከሆነ መዘግያ የግድ ነው፣ ሌሊት ይውጣ፣ ስላምፑ ሐረር ሲደርስ ይለካ እንጂ ድሬ ላይ የተለካውን እንዳትቀበል። መጀመሪያ ግን ሐረር አቅራቢያ ወይ ሐረማያ በኩል የሚሠራ ባቺንግ ፕላንት ካለ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ የአያቶቼ ጌይ ጋር (የሐረር ባህላዊ ቤት) አለን። ጣሪያው ያፈሳል፣ እንጨቱም አርጅቷል። አፍርሰን በአርማታ ሶሌታ ልንቀይረው አስበናል፣ ሚክሰሩ በር ላይ ቆሞ ፓምፕ ቱቦ ቢዘረጋ ይደርሳል ተባልን። (ከጀጎል፣ እህትማማቾች)

መልስ፦ እህቶቼ፣ ቱቦው ይደርሳል። ግን እባካችሁ አታድርጉት።

15 ሳንቲ ሶሌታ በካሬ 360 ኪሎ ይመዝናል። የአያቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ወፍራም ስለሆነ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የቆመው፣ ግን ውስጡ ኮለን የለም፣ ቢም የለም፣ ከስሩም እንዲህ ላለ ክብደት የተዘጋጀ መሠረት የለም። ሌላው ደሞ ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ይገባል ይወጣል፣ በሲሚንቶ ከላይም ከጎንም ስታሽጉት እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ጭቃውን ያላላዋል፣ ከውጪ ሲታይ ያማረ ቤት ከውስጥ ይፈርሳል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በነዚህ ቤቶችና በነዚህ ጠባብ መንገዶች ነው፣ ስለዚህ እዛ ግድግዳ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከማፍረሳችሁ በፊት ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሄዳችሁ ፈቃድና ምክር መጠየቅ አለባችሁ። ያረጀውን እንጨት በእንጨት መቀየር፣ ጣሪያውን በድሮው መንገድ ደራርቦ ማስተካከል የሚያውቁ የእጅ ባለሙያዎች ሐረር ውስጥ አሉ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ነደባው (መቀመጫው መደብ)፣ የግድግዳው መደርደሪያ፣ ቀዩ ወለል፣ ይሄ ሁሉ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም፣ እኔ አርማታ የምወድ ሰው ነኝ ግን ቦታው እዛ አደለም።

ጥያቄ፦ በእጅ ለምንሠራው ሥራ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይሆናል ወይስ ከሌላ ቦታ እናስመጣ? (ከመጋላ)

መልስ፦ እንደ ተዛቀበት ቦታና ጊዜ ነው፣ በተለይ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ወዲያው የተዛቀው ጭቃ ይበዛበታል። ቀላል ሙከራ አለ። ግልፅ የውሃ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዛ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ በደንብ ናጡትና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ታች ይቀመጣል፣ ጭቃው ላዩ ላይ ለብቻው መስመር ይሠራል። የጭቃው ከፍታ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ፣ ማለትም ለ10 ሳንቲ አሸዋ ከ6 ሚሊ በላይ ጭቃ ከሆነ፣ አትቀበሉት ወይም ይታጠብ። ሬዲሚክስ የምታዙም ብትሆኑ ፕላንቱ ጋ ሄዳችሁ የአሸዋ ክምሩን በእጃችሁ አሹት፣ መዳፍ ላይ ጭቃ ከቀረ ጠይቁ፣ ደንበኛ ናችሁ። ውሃውም ከጨዋማ ጉድጓድ የተቀዳ አይሁን፣ ፌሮ ይበላል። የሚጠጣ ውሃ ነው አርማታ ውስጥ የሚገባው።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ሶሌታውን ስንት ቀን ነው የምናጠጣው? ባህር ዛፉንስ መቼ እናንሳ? የተከራየነው ድጋፍ በቀን ነው የሚቆጥርብን። (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ቢያንስ 7 ቀን፣ ሲሚንቶው ፒፒሲ ከሆነ ደሞ 10 እስከ 14 ቀን፣ ምክንያቱም ፒፒሲ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያመጣው። ጠዋትና ማታ በጎማ መርጨት ድሬ ላይ አይበቃም፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የረጠበው 5 ሰዓት ላይ ደርቋል፣ ረጥቦ ደርቆ ረጥቦ ደርቆ ደሞ ጭራሽ ስንጥቅ ይጠራል። በፈረቃ ውሃ የሚሻለው ማቆር ነው፣ የሶሌታውን ጠርዝ ዙሪያውን በደካማ ሞርታር አራት አምስት ሳንቲ ገድቡትና ሙሉት። 100 ካሬ ላይ 3 ሳንቲ ውሃ 3000 ሊትር ነው፣ ከዛ በኋላ የሚጨመረው የተነነውን መተካት ብቻ ነው። የሙሌቱን ቀን የፈረቃችሁ ውሃ ከሚመጣበት ቀን ጋር አገናኙት፣ ወይ ቦቴ ቀድማችሁ እዘዙ። ኮለን ላይ ውሃ አይቆምም፣ እሱን ጆንያ ጠቅልላችሁ ጆንያውን አርጥቡ፣ ከላዩ ላስቲክ ብትጨምሩበት ደሞ ቶሎ አይደርቅም።

ድጋፉን በተመለከተ የኪራዩ ነገር ይገባኛል ግን የሶሌታው ከ14 ቀን በፊት፣ የቢሙ ደሞ ከ21 ቀን በፊት አይነካ፣ መሃንዲሱ ፕላኑ ላይ ከዚህ የበለጠ ከጻፈ እሱ ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ የሁለተኛውን ፎቅ ድጋፍ የምታቆሙ ከሆነ ደሞ ከታች ያለውን ጨርሳችሁ እንዳታነሱ፣ የላዩ አርማታ ክብደት ገና 14 ቀን በሆነው ሶሌታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስታነሱ አነሳሱም አለው። ሁለቱም ጫፉ ቢም ላይ ያረፈ ከሆነ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ቢሙ፣ ባልኮኒ ከሆነ ግን ከውጪው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ግድግዳው። ባልኮኒ ላይ ይሄ ከተገለበጠ ጫፉ ላይ የቀረው አንድ ቋሚ ከስር እየደገፈ ፌሮ በሌለበት በታችኛው በኩል ያሰነጥቀዋል፣ ምክንያቱም የባልኮኒ ዋና ፌሮ ያለው ከላይ ነው።